ማርክ ሊስቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱና ሦስቱ ፕሮፎርማ

(ሐዋሳ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እናንተም ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ሙስና ሲነሳ የሁላችንም ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወደ ሹሙ፣ ወደ መሬቱ፣ ወደ ጨረታው። ዛሬ ግን አንድ የክፍል ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ያለ ማርክ ሊስት ላይ እንቆይ። ማርክ የሚሸጥበት መንገድና ጨረታ የሚሸጥበት መንገድ ወንድማማች ናቸው። የሚለያዩት በገንዘቡ መጠን ብቻ ነው። ማርኩን የተረዳ ሰው የከተማውን በጀት ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ግፊቱን በቁጥር እንጀምር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. የፈተና ዘመን፣ 896,520 ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነበር። 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፈ። 60 ልጅ ወዳለበት ክፍል ሲመነዘር በ2014 ሁለት ልጅ፣ በ2017 አምስት ልጅ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቤት ግን ስድሳውም ልጅ "ዶክተር" እየተባለ ነው የሚያድገው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዶናልድ ክሬሲ የሚባል አሜሪካዊ የወንጀል ተመራማሪ የአደራ ገንዘብ አጉድለው የታሰሩ ሰዎችን እስር ቤት ድረስ ሄዶ አነጋግሮ ነበር። ያገኘው ነገር ሦስት ነው። ሰውየው ለማንም ሊነግረው የማይችል ችግር ነበረበት። ሳይታወቅበት የሚያመልጥበት ቀዳዳ አየ። ለራሱም ሰበብ አዘጋጀ፤ "ተበድሬ ነው፣ እመልሰዋለሁ" አለ። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ልብ በሉት። ክሬሲ ያለው ችግር ብቻ አይደለም፣ የማይነገር ችግር ነው። ፊዚክስ አልገባህ ማለቱ ችግር ነው። ፊዚክስ እንዳልገባህ ለአባትህ መንገር አለመቻልህ ግን ገበያ ይፈጥራል። ማርክ ሻጩም፣ "የወጣ ፈተና አለኝ" ባዩም የሚነግደው በዚህ ዝምታ ላይ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጁ ካርድ ይዞ ሲመጣ "ስንተኛ ወጣህ?" የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው አቆዩት። ደረጃ የሌላውን ልጅ ውጤት ጭምር የያዘ ቁጥር ስለሆነ ስለ ልጃችሁ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። የታረመውን ወረቀት አስመጡትና "የትኞቹን ሳትክ? ለምን?" በሉት። ወረቀት ከሌለ፣ የሌለበት ምክንያት መጠየቅ አለበት። ልጁ ከአንድ ምዕራፍ አስር ጥያቄ ስቶ ከሆነ ችግሩ የሚነገር ሆነ ማለት ነው። ባያልፍስ? በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥ አለ፣ የሪሚዲያል መርሐ ግብር አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። እነዚህን ከፈተናው በፊት ቤት ውስጥ ስማቸውን ጠርቶ መነጋገር ከማንኛውም የሥነ ምግባር ምክር ይልቅ የፈተና ሻጩን ደንበኛ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቀዳዳው። አንድ ማርክ ከፈተና ወረቀት ተነስቶ ትራንስክሪፕት ላይ እስኪያርፍ አራት ቦታ ይረግጣል፤ የታረመው ወረቀት፣ የመምህሩ ማርክ ሊስት፣ የክፍሉ ውጤት ሁሉ የሚጠቃለልበት የክፍል ኃላፊው ሮስተር፣ በመጨረሻም ካርዱና ትራንስክሪፕቱ። በየመሻገሪያው አንድ ሰውና አንድ እስክሪቢቶ አለ። 3ን 8 ለማድረግ ሁለት ትንንሽ ቅስት ይበቃል፤ 34 የነበረው 84 ይሆናል። 1ም በአንድ ጭረት 4 ወይም 7 ይሆናል። ባንክ ቼክ ላይ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም የሚጻፈው ለዚህ ነው። የሴሚስተሩ ድምር ማርክ ሊስት ላይ "34 (ሠላሳ አራት)" ተብሎ ቢጻፍ ቅስቷ ዋጋ ታጣለች። ለአንድ ሴክሽን የሚፈጀው ተጨማሪ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሮስተሩ በኤክሴል የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ብልሃቱ ይለያል። ድምሩ በፎርሙላ መውጣት ሲገባው አንድ ሴል ላይ ቁጥሩ በእጅ ተጽፎ ይገኛል። ወረቀት ላይ ታትሞ ሲወጣ አይለይም። ፋይሉን ከፍቶ የድምሩን ዓምድ ሴል በሴል ሲነኩት ግን ሌሎቹ ፎርሙላ ያሳያሉ፣ ያቺ አንዷ ቁጥር ብቻ ታሳያለች። ፋይሉ ባይገኝ እንኳ የተከታታይ ምዘናውንና የማጠቃለያ ፈተናውን ነጥብ በካልኩሌተር ደምሮ ከጠቅላላው ጋር ማስተያየት ነው። አጭበርባሪ ብዙ ጊዜ ድምሩን ይቀይርና ዝርዝሩን ይረሳል። ስንፍና በሁሉም ሙያ አለ።

ቀዳዳውን የሚደፍነው ሥርዓት እንግዲህ ይህን ይመስላል። ውጤቱ ሮስተር ላይ ከመስፈሩ በፊት በስም ሳይሆን በተማሪ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና ለቅሬታ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጠዋል። የማጠቃለያ ፈተና ወረቀት የቅሬታው ጊዜ እስኪያልፍ አይጣልም። ማርክ ሊስት ላይ ፍሉድ ክልክል ነው፤ ስህተት ሲኖር የቀድሞው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል፣ ቀንና ፊርማ ይታከልበታል። ከዚያም የዲፓርትመንቱ ሌላ መምህር ከ60 ወረቀት አምስቱን በዕጣ አውጥቶ ደግሞ ያርማል። አምስት ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን የትኞቹ አምስት እንደሚወጡ መምህሩ አስቀድሞ ስለማያውቅ ስድሳውንም ተጠንቅቆ ያርማል። ሮስተሩ ሲሞላ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው ይከተላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ርዕሰ መምህሩ በሰኔ ጥድፊያ ውስጥ "ለዛሬ ይለፍ" እንዳይል ነው፤ በተግባር የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

መምህራን፣ አንድ የማይመች ነገር እናንሳ። የመምህር ደመወዝ ወሩን እንደማያደርስ የሚያውቅ ያውቃል። ስለዚህ የቤት ለቤት ማስጠናት አለ፣ ነውርም አይደለም። ችግሩ የሚመጣው መምህሩ በራሱ ክፍል የሚያስተምረውን ልጅ በክፍያ ሲያስጠና ነው። ፈተናውን የሚያወጣውም፣ የሚያርመውም፣ ከልጁ አባት ገንዘብ የሚቀበለውም አንድ ሰው ሆነ። ምንም ባይሠራ እንኳ ልጁ 90 ባመጣ ቁጥር ክፍሉ ይጠረጥራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሌላ ሴክሽን ወይም የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ማስጠናት፣ ፈተናውንም አንድ መምህር ብቻውን ሳይሆን ዲፓርትመንቱ በጋራ እንዲያወጣው ማድረግ።

ማርክን በገንዘብ ብቻ የሚጠይቁ አይምሰላችሁ። "ሰው አለህ?" የሚለው ጥያቄ ከብር ይበልጣል። የአክስት ልጅ ነው፣ ዕድርተኛ ነው፣ ጎረቤት ነው፤ "ትንሽ ጨምርለት፣ ተባበረን" ይባላል። ጠያቂው ሙስና ሠራሁ ብሎ አያስብም፣ ዝምድና ተወጣሁ ነው የሚለው። ክሬሲ ሰበብ ያለው እንግዲህ ይኸው ነው። መምህሩ እምቢ ሲል ክፉ ሰው እንዳይባል የሚያድነው የግል ጥንካሬው ሳይሆን "ማርኩ ተለጥፏል፣ ብቻዬን ልነካው አልችልም" ማለት መቻሉ ነው። ጥሩ ደንብ ለሰው ማመካኛ ይሰጣል።

ከሁሉ የከፋው በማርክ እያስፈራሩ ሴት ተማሪን ማስቸገር ነው። ይህ "የጠባይ ችግር" ተብሎ በሽምግልና የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ በአደራ የተሰጠ ሥልጣንን መሸጥና ወንጀል ነው። ቅሬታ ያላት ተማሪ ወረቀቷ የሚታይላት ክፍት በሆነ ስታፍ ውስጥ፣ ሌላ መምህር ባለበት መሆን አለበት። "ቢሮ ብቻሽን ነይ"፣ "ከሰዓት በኋላ ደውይልኝ" የሚባል የውጤት ማስተካከያ የለም። መልእክት ከተላከባት አታጥፋው፣ ስክሪንሾት አድርጋ ለምታምነው አዋቂ ትላክ። ወላጆች፣ ይህን ሰምታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት "አንቺ ምን አድርገሽ ነው?" ከሆነ፣ ሁለተኛ ምንም አትነግራችሁም።

ፈተናው ራሱስ ከየት ይወጣል? ሰው የሚጠረጥረው ካዝና የሚሰብር ሌባ ነው። የትምህርት ቤት ፈተና ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በፎቶ ኮፒ ቤት በኩል ነው። የትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን ይበላሻል፣ ቶነር ያልቃል፣ አንድ ሰው ፍላሽ ይዞ በባጃጅ ፒያሳ ይወርዳል። ፍላሹ የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ ፋይሉ ለማተም ሲባል ዴስክቶፕ ላይ ይገለበጣል፣ እዚያው ይቀራል። ቢሰረዝም ሪሳይክል ቢን ውስጥ ነው። ማሽኑ የነከሰው፣ የተጨማደደው ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ይጣላል፤ ማታ ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም። ማንም ክፉ ነገር ሳያስብ ፈተናው ሦስት ቦታ ተበትኗል ማለት ነው። ግድ ውጭ መባዛት ካለበት ሁለት ሰው ይሂድ፤ ፋይሉ ከፍላሹ በቀጥታ ይታተም፤ የተበላሸው ወረቀት ተቆጥሮ አብሮ ይመለስ፤ የታተመውና የተበላሸው ድምር ከማሽኑ ቆጣሪ ጋር ይመሳከር። ከዚያ በፖስታ ታሽጎ ማኅተሙ ላይ ሁለት ፊርማ ያርፍበት።

ብሔራዊ ፈተና ሌላ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ እንደገና መዘጋጀቱን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ያኔ የወጣው እውነተኛ ወረቀት ነበር፤ ዛሬ በየቴሌግራሙ "አለኝ" የሚል ሁሉ የሚነግደው በዚያ ትዝታ ላይ ነው። ንግዱ እንዲህ ይሠራል። ቻናሉ ከወራት በፊት ይከፈትና ዎርክሺት፣ የድሮ ፈተና፣ አጭር ኖት በነፃ እየለጠፈ አባል ያበዛል። የፈተናው ሳምንት ሲቃረብ "ቪአይፒ ግሩፕ" ይመጣል፤ በቴሌብር ክፈል፣ የከፈልክበትን ስክሪንሾት ላክ ይባላል። ከዚያ የሚመጣው ማስረጃ ነው፣ እዚህ ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቻናሉ ከፈተናው በፊት በነበረው ማታ አንድ ተራ ፎቶ ይለጥፋል። ፈተናው ተሰጥቶ የወረቀቱ ፎቶ እንደተገኘ ያንኑ የማታውን መልእክት ከፍቶ ፎቶውን በፈተናው ፎቶ ይተካል። ቴሌግራም የተለጠፈበትን ሰዓት አይቀይርም፤ ማታ 3፡40 ካለ 3፡40 ነው። ከሰዓቱ ጎን ግን መልእክቱ መታረሙን የምትናገር ትንሽ ቃል ትጨመራለች። ሻጩ ስክሪንሾት ሲያነሳ ያቺን ቃል ቆርጦ ያስቀራታል። ልጁም "ትናንት ማታ ለጥፎት ነበር!" ብሎ ለቀጣዩ ቀን ፈተና ይከፍላል።

መልስ ብቻ የሚሸጡም አሉ። የጥያቄው ቅደም ተከተል በቡክሌት ኮድ ስለሚለያይ ኮድ የሌለው የመልስ ዝርዝር ከቁጥር ሰልፍ አያልፍም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ በጭፍን ሲሞላ በአማካይ 25 በመቶ ያመጣል። የውሸት መልስ የገዛ ልጅም እዚያው አካባቢ ይወድቃል። በራሱ ቢሠራ 45 ሊያመጣ ይችል የነበረ ልጅ ከፍሎ 25 ገዛ። በዚያ ላይ ሃያ ልጅ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሲያጠቁር እርማቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ትክክለኛ መልስ ሁሉንም ያመሳስላል፣ ስህተት ግን እንዲህ በአጋጣሚ አይመሳሰልም። አጤሬራ ይዞ የገባ ቢያንስ ራሱ ጽፎታል፤ ይኼኛው ያንንም አላደረገም።

ወደ ግዢው እንለፍ። ከትምህርት ቤት እስከ ከተማ አስተዳደር ያለው ድልድይ እዚህ ነው።

እንበል ትምህርት ቤቱ 40 ዴስክ ሊገዛ ነው። ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይሰበሰብና ዝቅተኛው ያሸንፋል። ፕሮፎርማዎቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩአቸው። ሦስቱም የተጻፉት በአንድ እጅ ነው? "ዴስክ" የሚለው ቃል ሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል? ከሦስቱ የሁለቱ ስልክ ቁጥር አንድ ነው? ቀኑስ? ከሁለቱ "ተሸናፊዎች" አንዱ ጋ ደውላችሁ "ይህን ዋጋ ሰጥታችሁ ነበር?" ብትሉ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሌላው ዘዴ ግዢውን መቆራረጥ ነው፤ የ40 ዴስኩ ግዢ ጨረታ የሚጠይቅ ከሆነ አስር አስር ተደርጎ አራት ጊዜ በፕሮፎርማ ይገዛል።

ከዚያ ርክክብ አለ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ብልሽቱ የሚጀምረው ዕቃው ሳይደርስ ሞዴል 19 ሲፈረም ነው፤ "ነገ ይመጣል፣ በጀቱ እንዳይቃጠል ፈርሙ" ይባላል። ወረቀቱ 40 ይላል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው 32 ነው። ቁጥሩ ቢሞላም የጥራቱ ጉዳይ አለ። ዝርዝሩ ላይ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ታዝዞ የመጣው 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን በዓይን አይለይም። ብየዳው ላይ ግን ቀጭኑ ብረት እየተቃጠለ ይሳሳል፤ ዴስኩ በአንድ ሴሚስተር እግሩ ከመቀመጫው በሚገናኝበት ቦታ ይሰበራል። "ተማሪው ነው የሰበረው" ተብሎ ወላጅ መዋጮ ይጠየቃል። ከቴክኒክ ኮሌጅ ካሊፐር ተውሶ የቱቦውን አፍ መለካት ሁለት ደቂቃ ነው።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥታችሁ ይህንኑ ዓይን ይዛችሁ ሂዱ። ከኮብልስቶን ስር የሚነጠፈው አሸዋ ሲሳሳ መንገዱ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ይሰምጣል። የተሰረቀው ከላይ የሚታየው ድንጋይ አይደለም፣ ከስር ያለው አሸዋ ነው። በአንድ አቅራቢ ልክ የተሰፋ የጨረታ ዝርዝር፣ ሳይሠራ የተፈረመ የክፍያ ሰነድ፣ ሰምጦ የነዋሪ መዋጮ የሆነ ጥገና፤ ዴስኩ ላይ ያያችሁት ሁሉ አለ። ሙስናው ፖለቲካዊ የሚሆነው ፈራሚው እንዳይጠየቅ ከበላዩ ያለው ሹም ሲከልለው ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት እያሳቅን ለልጆች ስንነግር ኖረናል፤ ቀልዱ ውስጥ ያለው ሥልጣን የግል እርሻ ነው የሚለው ሐሳብ ነው።

ሕጉ አልጎደለም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. ነው። ሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 አለ፣ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አለ። ሆኖም ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2024 ባወጣው የሙስና መለኪያ አገራችን ከ100 ያገኘችው 37 ነበር፤ ከ180 አገር 99ኛ። መለኪያው የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግንዛቤ ነው የሚመዝነው፣ የተሰረቀ ብር አይቆጥርም። ቢሆንም 37 በ12ኛ ክፍልም አያሳልፍም።

ተማሪዎች ስለ ሕጉ ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። ጉቦ የሚቀበለው ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውም፣ በመሃል የሚያቀባብለውም ይጠየቃል። ከክፍል ልጆች ብር ሰብስቦ "ለዚያ ሰውዬ" የሚያደርሰው ልጅ "እኔ አደረስኩ እንጂ አልበላሁም" ብሎ አያመልጥም። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ የሚታየው በወጣት ጥፋተኞች ሥርዓት ነው። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ዕድሜው ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ከክስ አያወጣውም። አብዛኞቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ 15 ዓመት አልፈዋል።

የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበባት ኅዳር 30 ሲደርስ ግጥምና ድራማ ያቀርባሉ። ድራማው ላይ ሙሰኛው ሁልጊዜ ወፍራም፣ ሁልጊዜ መነጽር ያደረገ ነው። ይሁን፣ ይቅረብ። ግን ክበቡ በሴሚስተር አንድ ክፍለ ጊዜ ወስዶ ሁለት ሁለት እየሆነ በየክፍሉ ዴስክ ይቁጠር፤ ደህናውን፣ የተሰበረውን፣ የሌለውን ለይቶ ይጻፍ። ቆጠራውን ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ያቅርብና ከንብረት ክፍሉ መዝገብ ጋር እንዲመሳከር ይጠይቅ። መዋጮ ሲጠየቅም ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ደረሰኝ የሌለው ብር የት እንደገባ ሰጪውም ተቀባዩም ማስረዳት አይችሉም።

ስህተት ከተገኘ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ አትሩጡ። አንደኛ፣ የተጠረጠረው ሰው ወረቀቱን ያስተካክላል፤ ሁለተኛ ማረጋገጥ ካልቻላችሁ ስም ማጥፋት እናንተው ላይ ይዞራል። ጥቆማው በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ምን ሆነ፣ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ፈረመ፣ ምን ሰነድ አለ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ፤ "ተባለ" የሚለውን "አየሁ" አታድርጉት። "ሁሉም ሌቦች ናቸው" የሚል ደብዳቤ ማንም አይመረምረውም፣ "በጥር ወር ሞዴል 19 ላይ 40 ተፈርሟል፣ የተቆጠረው 32 ነው" የሚለውን ግን መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ይከብዳል። የሰነዱን ቅጂ አያይዙ፣ ዋናውን ያላችሁ ከሆነ እናንተ ጋ ይቆይ። ለጥቆማ አቅራቢዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚያደርግ አዋጅ፣ ቁጥር 699/2003፣ መኖሩንም እወቁ።

ደብዳቤው መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ፣ መልስ ከሌለ ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይገባል። ተጠርጣሪው ርዕሰ መምህሩ ራሱ ከሆነ የመጀመሪያውን ደረጃ ዝለሉት። በሁለት ቅጂ አዘጋጁት። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ፀሐፊዋ "አስቀምጡት፣ እናደርስላችኋለን" ካለች አትሂዱ፤ በትሕትና ቆማችሁ ሁለተኛው ቅጂ ላይ የገባበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማኅተም አስደርጉና ይዛችሁት ውጡ። በሁለት ሳምንቱ ስትመለሱ የምትጠይቁት "ያ ደብዳቤያችን ምን ሆነ?" ብላችሁ ሳይሆን በዚያ ቁጥር ነው።